«በዘር የሚተላለፍ» ምኑ ነው?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ለጤና ትምህርት የሚበተኑ ጽሑፎችን አዘጋጃለሁ። ስለ ዴንጊ ትኩሳት በጻፍኩት ላይ «በዘር የሚተላለፍ የትንኝ ቫይረስ የማስተላለፍ ችሎታ» የሚል ሐረግ አለ። አንዲት እናት አንብበው «ዴንጊ በዘር ይተላለፋል እንዴ?» አሉኝ። ሐረጉ እንዴት ቢስተካከል ይሻላል?

መልስ፦ እኚህ እናት ያነበቡት ልክ የተጻፈውን ነው። «በዘር የሚተላለፍ» ሲባል ጆሯችን ቀጥሎ የሚጠብቀው የበሽታ ስም ነው። «ቫይረስ» የሚለውን እንዳገኘ እዚያው ላይ ይለጥፈዋል። የሐረጉ ባለቤት «ችሎታ» ቢሆንም የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እስከዚያ አንባቢው ወስኖ ጨርሷል። በዚያ ላይ «ተላለፈ» አንዴ ለውርስ፣ አንዴ ለንክሻ ገብቷል።

ስለዚህ ግሱን ይለያዩት። ለዘር «መውረስ»፣ ለቫይረሱ «ማስተላለፍ» ይበሉ። «ችሎታ»ንም በ«አቅም» ብቀይረው ደስ ይለኛል፤ ችሎታ ሲባል የሠለጠነ ሰው ነው የሚታየኝ።

ይህ ልዩነት ለሳይንሱም በጣም ያስፈልጋል። ዴንጊን በዋናነት የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕታይ የተባለችው ትንኝ ናት። የታመመ ሰው ደም ስትመጥ ቫይረሱ ሆዷ ይገባል። የአንጀቷን ግድግዳ ማለፍ ካቃተው ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካለፈ ግን በሰውነቷ ተሰራጭቶ የምራቅ ዕጢዋ ይደርሳል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ይወስዳል። ሰው የምታሲዘው ከዚያ በኋላ ነው። በመንገዱ ላይ የትንኟ ጂኖች ይጋፈጡታል። ለምሳሌ ዳይሰር-2 የሚባለው ጂን የሚያስገኘው ፕሮቲን የቫይረሱን አርኤንኤ (የቫይረሱን የዘር መረጃ የያዘውን ሞለኪውል) ይቆራርጣል። ይህ መከላከያ ከትንኝ ትንኝ ይለያያል። እናም «በቫይረሱ የተያዘች ትንኝ» እና «ቫይረሱን የምታስተላልፍ ትንኝ» አንድ አይደሉም፤ ጽሑፍዎ ላይ እንዳያቀያይሯቸው አደራ።

የቫይረሱን ስምም አይተዉት። አንዱን የዴንጊ ዓይነት በደንብ የምታስተላልፍ ትንኝ ለሌላው ደካማ ልትሆን ትችላለች፤ የቫይረሱም ጂኖች የራሳቸው ድርሻ አላቸውና። የአፍሪካ ጫካ ውስጥ የሚኖሩት ኤደስ ኤጂፕታይዎች ደግሞ በዓለም ከተሞች ከተስፋፉት ዘመዶቻቸው ይልቅ ዚካ በተባለው፣ ኤደስ በምታስተላልፈው ሌላ ቫይረስ የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ነው። «ትንኝ ቫይረስ ታስተላልፋለች» ብሎ በጅምላ መጻፍ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል።

አንድ የሚያደናግር ነገርም አለ። አንዳንዴ እናት ትንኝ ቫይረሱን ራሱን በእንቁላሏ በኩል ለልጆቿ ታሳልፋለች። ይህ የጂን ውርስ አይደለም፤ ስለዚህ እዚህ ላይም «ወረሱ» አይበሉ፣ «በእንቁላል በኩል ተላለፈባቸው» ይበሉ።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «አንዳንድ ትንኞች የዴንጊን ቫይረስ ወደ ሰው የማስተላለፍ አቅማቸው ከሌሎቹ ይበልጣል። ለዚህ አንዱ ምክንያት ከወላጆቻቸው የወረሷቸው ጂኖች ናቸው። በሽታው ግን ከሰው ወላጅ ወደ ልጅ በዘር አይወረስም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይቁረጧት፤ የእናቲቱ ጥያቄ መልስ እሷ ናት።

በነገራችን ላይ፣ ርዕስዎ «የወባ ትንኝ» የሚል ከሆነ ይቀይሩት። ወባን የምታስተላልፈው አኖፌለስ በአብዛኛው ሌሊት ስትናከስ፣ ኤደስ የምትናከሰው በቀን ነው፤ የምትራባውም በየቤቱ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ነው። «የወባ ትንኝ» ያነበበ ሰው ማታ አጎበር ዘርግቶ፣ ግቢው ያለውን በርሜል ሳይከድን ያድራል።