መልስ፦ ኤምአርኤንኤው ሳይነካ ፌሪቲን ለምን ቀነሰ?

ሰላም ወንድሜ። ከሐዋሳ የጠየቅከው፣ ብረት የነፈግካቸው ሴሎች ፌሪቲናቸው (ብረት የሚያከማቸው ፕሮቲን) ቀንሶ ሳለ ኪውፒሲአር (የኤምአርኤንኤ መጠን መለኪያ) ላይ ኤምአርኤንኤው (ፕሮቲኑ የሚሠራበት መመሪያ ቅጂ) ለምን እንዳልተለወጠ ነው። ምርመራህ አልተበላሸም፤ ቁጥጥሩ በዋናነት ትራንስሌሽን (ከኤምአርኤንኤው ፕሮቲን የሚሠራበት ደረጃ) ላይ ነው።

በፌሪቲን ኤምአርኤንኤ መነሻ፣ ፕሮቲኑን ከሚጽፈው ኮድ በፊት፣ ወደ 30 ኑክሊዮታይድ (የኤምአርኤንኤ ፊደል) የሚሆን የታጠፈ ቁራጭ አለ። ብረት ሲያንስ አይአርፒ1 የተባለው ፕሮቲን እዚያ ይጣበቅና ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ትንሹ ክፍል እንዳይገባ ያግዳል። ብረት ሲመለስ አይአርፒ1 4 ብረትና 4 ሰልፈር ይዞ ኤምአርኤንኤውን ይለቃል፤ አኮኒቴዝ ኢንዛይም ይሆናል (ሁለት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ፕሮቲን!)።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ቁራጩ ያለበት ቦታ ላይ ነው። በትራንስፌሪን ተቀባይ (ብረት ወደ ሴል የሚያስገባ ፕሮቲን) ኤምአርኤንኤ ላይ 5 ተመሳሳይ ቁራጮች ያሉት ከኮዱ በኋላ ነው፤ ያው ፕሮቲን ሲጣበቅ ኤምአርኤንኤውን ከመቆረጥ ያድነዋል፣ ምርቱም ይጨምራል። ስለዚህ ኪውፒሲአር ለተቀባዩ ይጠቅምሃል፤ ፌሪቲንን ግን ፕሮቲኑን ራሱን በሚያሳየው በዌስተርን ብሎት፣ 20 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ፈልገው።