በግፊት ወይስ በመጠን? እጅግ ቀድመው ለተወለዱ ሕፃናት የቬንቲሌተር ምርጫ

ዶክተር፣ በ26 ሳምንት ተወልዶ 800 ግራም የሚመዝን ሕፃን ቬንቲሌተር (አየር ወደ ሳንባ የሚያስገባ ማሽን) ሲያስፈልገው በግፊት የሚሠራውን (የእያንዳንዱ ትንፋሽ ግፊት የሚወሰንበትን)፣ በመጠን የሚሠራውን (የሚገባው የአየር መጠን የሚወሰንበትን) ወይስ ሃይ ፍሪኩዌንሲውን (እጅግ ፈጣንና ጥቃቅን ትንፋሾች የሚሰጠውን) መምረጥ እንደሚሻል ጠይቀዋል፤ ማሽኑ ወደ ክፍላችሁ የገባው በቅርቡ መሆኑንም ጠቅሰዋል። ሲፓፕ (በአፍንጫ በኩል የማያቋርጥ የአየር ግፊት የሚሰጥ መሣሪያ) ብቻ በነበረበት የአገር ቤት ክፍልም፣ አሁን በምሠራበት የአሜሪካ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍልም ካየሁት ተነሥቼ፣ ምርጫዬ ያለ ማመንታት በመጠን የሚሠራው ነው።

አስቀድሞ ግን ወደ መተንፈሻ ቧንቧው ቱቦ ማስገባቱ የግድ መሆኑ ይጣራ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ኮይን በተባለው ጥናት፣ በራሳቸው ይተነፍሱ ከነበሩና በሲፓፕ ከጀመሩ ከ25 እስከ 28 ሳምንት የተወለዱ ሕፃናት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ቱቦ ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል። በሌላ በኩል ኒሞቶራክስ (አየር ከሳንባ አምልጦ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል መጠራቀሙ) በሲፓፕ ከጀመሩት 9 በመቶ፣ ቱቦ ከገባላቸው ደግሞ 3 በመቶ ላይ ታይቷል፤ ስለዚህ በሲፓፕ ላይ ያለ ሕፃን በድንገት ከደከመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። በ6 ሴንቲ ሜትር ውኃ (የግፊት መለኪያ ነው) ሲፓፕ ላይ ሆኖ ከ30 በመቶ በላይ ኦክስጅን የሚፈልግ ከሆነ ሰርፋክታንት (የሳንባ የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርግ መድኃኒት) ሳይዘገይ ሊሰጠው ይገባል።

በመጠን የሚሠራውን የምመርጥበት ዋናው ምክንያትም ከሰርፋክታንት ጋር የተያያዘ ነው። በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ብለን ብናሰላ የእርስዎ ሕፃን በአንድ ትንፋሽ የሚያስፈልገው 4 ሚሊ ሊትር አየር፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ሰርፋክታንት ያገኘ ሳንባ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚለሰልስ፣ ቀደም ሲል 4 ሚሊ ሊትር ያስገባ የነበረው ግፊት ሳይነካ ከቆየ እጥፍ ሊያስገባ ይችላል። ይህም ሳንባውን ከልክ በላይ ከመለጠጡ ሌላ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አጥቦ ያወጣዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያሽቆለቁል የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ነጩ የአንጎል ክፍልም ለጉዳት ይጋለጣል። በመጠን የሚሠራው ማሽን ግን ሕፃኑ ያስወጣውን አየር እየለካ ግፊቱን ራሱ ይቀንሳል። ከሰርፋክታንት በኋላ አጠገቡ ቆሞ ማያውን የሚመለከት ሰው ግፊቱ ከ22 ሴንቲ ሜትር ውኃ ወደ 19፣ ከዚያም ወደ 16 ሲወርድ ያያል፤ በአልጋው ዙሪያ ግን ማንም ማሽኑን አልነካም። ጥናቶቹን በአንድነት የመረመረው የኮክሬን ግምገማም ይህ አሠራር ሞትን ወይም ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምን፣ ኒሞቶራክስንና ከባድ የአንጎል ደም መፍሰስን እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ልኬቱ እውነተኛ ሲሆን ነው። 2.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ ዙሪያውን የሚዘጋ ኳስ ስለሌለው አየር በጎኑ ያመልጣል፤ የሚያመልጠው ወደ ግማሽ ከተጠጋ ማሽኑ የሚያሳየውን ቁጥር ማመን አይቻልም። ፍሎው ሴንሰሩ (የአየሩን ፍሰት የሚለካው መሣሪያ) ላይ የተጠራቀመች የውኃ ጠብታም ልኬቱን ታዛባለች። ስለዚህ ነርሶቻችሁ ቅንብሩን ከመቀየራቸው በፊት ደረቱ መነሣቱን፣ ቱቦው ከንፈር ላይ ስንት ቁጥር ላይ እንደታሰረና ሴንሰሩ ደረቅ መሆኑን ማየት እንዲለምዱ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሃይ ፍሪኩዌንሲ ከመጀመሪያው ቢጀመር ከሌላው ጎልቶ እንደሚበልጥ አልተረጋገጠም። እኛ የምንጠቀምበት ግፊቱ እየጨመረ ሄዶ ከ25 ሲያልፍና ሕፃኑ አሁንም ሳይሻለው ሲቀር ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድን እጅግ በፍጥነት ስለሚያወጣ፣ የደም ጋዝ ምርመራ ቶሎ ቶሎ ማድረግ በማይቻልበት ክፍል ባይጀመር ይሻላል።

ቱቦው የሚወጣበት ቀን ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ይታሰብ። ትንፋሽን የሚያነቃቃው ካፌይን ቀደም ብሎ ይጀመር፤ ፒኤች (የደም አሲድነት መለኪያ) ከ7.22 በላይ እስከሆነ ድረስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 55 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቢደርስ አያስደነግጥም፤ የኦክስጅን ሙሌቱ ከ90 እስከ 95 በመቶ ይያዝ፣ ለዚህም አየርና ኦክስጅን የሚቀላቅለው ብሌንደር የግድ ነው፤ ንጹሕ ኦክስጅን ብቻውን ለእነዚህ ሕፃናት ዓይን ጠንቅ ነው። ቱቦው እንደወጣ ሲፓፑ ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

ማሽናችሁ ለጨቅላ የሚሆን ፍሎው ሴንሰር ከሌለው በመጠን የሚለውን አማራጭ አትክፈቱት፤ በትልቅ ሰው ሴንሰር 4 ሚሊ ሊትር በትክክል አይለካም። በግፊት ጀምሩ፣ ደረቱ በጥቂቱ ብቻ የሚነሣበትን ዝቅተኛ ግፊት ምረጡ፣ ሰርፋክታንት በተሰጠ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥም ግፊቱን ለመቀነስ አንድ ሰው ከሕፃኑ አጠገብ አይለይ።