እናቴን የት ልውሰዳት? ስለ ሄክሳምና ስለ ሃድሪያን ግንብ ለጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከሰሜን እንግሊዝ የመጡ ጥያቄዎች ስለበዙ ዓምዱን በሙሉ ለአንድ አካባቢ ሰጥተነዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኒውካስል ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጥታለች። ለንደን ወስጄ ቤተ መንግሥቱንም ድልድዩንም አሳየኋት፤ «ጥሩ ነው» ከማለት ሌላ ምንም አልወጣት፣ እግሯን ግን አመማት። መኪና የለኝም። በባቡር ሄደን በቀኑ የምንመለስበት፣ ታሪክ ያለው ቦታ ጠቁሙኝ። ቤተ ክርስቲያን የምትስም ሰው ናት። ጉልበቷ ደረጃ አይችልም።

መልስ፦ ሄክሳም ውሰጃቸው። ከኒውካስል ሴንትራል በባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሐዲዱ የታይንን ወንዝ ይዞ ስለሚሄድ እናትሽን መስኮቱ ጋ አስቀምጫቸው። ከተማዋ ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው፣ የድሮው ወህኒ ቤት፣ መናፈሻው ሁሉ ተጠጋግተው ነው ያሉት። ከጣቢያው ወደ መሀል ትንሽ ዳገት አለ፤ ቀስ ብላችሁ ውጡት።

ብዙ ሰው ወደዚያ የሚሄደው የሃድሪያንን ግንብ፣ ሮማውያን በንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ዘመን የሠሩትን ረጅም የድንበር ግንብ፣ በአንድ ቀን ለመጨረስ ነው። እባክሽ አንቺ እንደዚያ አታድርጊ። ግንቡ 117 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚሮጥ ሰው ፎቶ ይዞ ይመለሳል እንጂ ምንም አያይም። እናንተ ከተማዋ ውስጥ ዋሉ።

መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ግቡ፣ ሄክሳም አቢ ይባላል። መግቢያው ነጻ ነው፤ ሙዳየ ምጽዋት አለ፣ የቻላችሁትን ጣሉ። በ674 አካባቢ የመሠረተው ዊልፍሪድ የተባለ ጳጳስ ነው፤ መሬቱን የሰጠችው የኖርዘምብሪያ ንግሥት ኤቴልድሬዳ ናት። ላሊበላ ከመታነጹ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል ማለት ነው። የተሰየመውም በቅዱስ እንድርያስ ስም ነው። ይህን ለእናትሽ ከመግባታችሁ በፊት ንገሪያቸው፤ ያኔ ለመሳለም ነው የሚገቡት። ዛሬ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሥርዓቱ ከእኛ ይለያል፣ ግን ሻማ አብርተው ዝም ብለው ቢቀመጡ ማንም አይነካቸውም።

ዊልፍሪድ ያሠራው የላይኛው ሕንፃ ዛሬ የለም፤ አሁን የምታዩት ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተሠራ ነው። የእሱ ምድር ቤት ግን ከወለሉ ሥር እስካሁን አለ። ደረጃው ቁልቁልና ጠባብ ነው፣ እናትሽ ላይ ይቀመጡ፣ አንቺ ግን ውረጂ። ሁልጊዜ ክፍት ስለማይሆን ስትገቡ ሰዓቱን ጠይቂ። ዊልፍሪድ ከሮም ያመጣው የቅዱሳን አፅም እዚያ ይቀመጥ ነበር፤ ተሳላሚው በጨለማ መተላለፊያ አልፎ ነበር ድንገት መብራት ያለበት ክፍል የሚደርሰው። ግድግዳውን በደንብ እይው። ድንጋዮቹ ቅጠልና ፍሬ የተቀረጸባቸው፣ አንዳንዶቹም የላቲን ጽሑፍ ያለባቸው ናቸው፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ የመጡት አጠገብ ካለችው የሮማውያን ከተማ ከኮርብሪጅ ፍርስራሽ ነው። አንደኛው ድንጋይ ላይ ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚየስ ሴቬረስና ልጆቹ ተጠቅሰዋል፤ ጌታ (Geta) የተባለው የታናሹ ልጅ ስም ግን ተፍቋል። አባታቸው በ211 ዮርክ ላይ ሲሞት ታላቁ ልጅ ካራካላ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወንድሙን አስገደለው፣ ከዚያም ስሙ በግዛቱ ሁሉ ከድንጋይ ላይ እንዲጠፋ አዘዘ። ሮም ላይ የተሠራ ግፍ እዚህ ድረስ መጥቶ መዶሻ አስነስቷል፣ መዶሻው ያረፈበትን ቦታ ዛሬ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። እኔ ለንደን ካሉት ቤተ መንግሥቶች ሁሉ ይህችን ጠባብ ምድር ቤት አስበልጣለሁ።

ላይ ስትመለሺ እናትሽን ይዘሽ ሦስት ነገር አሳዪያቸው። አንደኛው ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ ወንበር ነው፤ አሳዳጅ ያለበት ሰው እዚያ ከደረሰ መማፀኛ ያገኝ ነበር። እናትሽ ይህን ካንቺ በላይ ይረዱታል፣ የእኛም አገር አድባራት እንዲህ ያለ ሥርዓት ነበራቸውና። ሁለተኛው መነኮሳቱ ለሌሊት ጸሎት የሚወርዱበት ሰፊ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ እርከኖቹ ከእግር ብዛት መሀላቸው ጎድጉዷል፣ መውጣት ሳያስፈልግ ከታች ሆኖ ማየት ይበቃል። ሦስተኛው እዚያው ደረጃው ግርጌ የቆመ ትልቅ የመቃብር ድንጋይ ነው፤ የሮማ ፈረሰኛ ጦር ዓርማ ያዥ የነበረው የፍላቪነስ። የ25 ዓመት ልጅ ነበር፣ 7 ዓመት አገልግሏል። ድንጋዩ ላይ ፈረሱ አንድ የአገሬውን ሰው ረግጦ ሲያልፍ ተቀርጿል። ሟቹን ለማክበር የተሠራ ቢሆንም እኔን የሚያሳዝነኝ ከፈረሱ ሥር ያለው፣ ስሙ ያልተጻፈለት ሰው ነው።

ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ በተለይ ፍልሰታ ከሆነ የጾም ነገር ፍለጋ አትንከራተቱም። ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ሴል የሚባል ሰፊ መናፈሻ አለ።

ከምሳ በኋላ ገበያው አደባባይ ላይ ተቀመጡ። በ1766 የተሠራ፣ ጣሪያ ያለው የነጋዴዎች መጠለያ አለ። ይኼው አደባባይ ላይ በ1761 ማርች 9 ከባድ ነገር ሆኗል። መንግሥት ለሚሊሻ ሰው በዕጣ ይመለምል ነበርና ሕዝቡ «ልጆቻችንን አንሰጥም» ብሎ ወጣ፤ ወታደሮች ተኮሱበት፣ 50 ያህል ሰው ሞተ። ከአደባባዩ ወረድ ብሎ ያለው ወህኒ ቤት ደግሞ ከ1330 እስከ 1333 ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው ለእስር ቤትነት ታስቦ የተሠራ የመጀመሪያው ሕንፃ ይባላል። ሙዚየም ነው፣ የሚከፈትበትን ቀን ግን ቀድመሽ አረጋግጪ።

ጉልበት ከተረፋቸው ኮርብሪጅን ጨምሪ። በባቡር ቅርብ ነው፣ ፍርስራሹ ግን ከጣቢያው ራቅ ስለሚል ታክሲ ይሻላል። የሮማውያኑን ዋና መንገድና የእህል ጎተራዎቹን ወለል ታያላችሁ። የምድር ቤቱ ድንጋይ ከየት እንደመጣም እዚያ ይገባችኋል።

ጥያቄ፦ ሊድስ የምንኖር ቤተሰብ ነን፣ መኪና አለን። ልጆቼ 9 እና 12 ዓመታቸው ነው። ባለፈው አንድ የፈረሰ ምሽግ አሳየኋቸው፣ «አባዬ ይሄ እኮ ድንጋይ ነው» ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ። የሃድሪያን ግንብ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ያዋጣሃል፣ ግን ከግንቡ አትጀምር። ልጆቹ እውነታቸውን ነው፤ ጉልበት ድረስ የቀረ ግድግዳ የሚናገረው ቀድሞ ታሪኩን ለሚያውቅ ነው። ቀጥታ ቪንዶላንዳ ውሰዳቸው፣ ከፍርስራሹም በፊት ሙዚየሙ አስገባቸው።

ቪንዶላንዳ ግንቡ በ122 መሠራት ከመጀመሩ በፊት የነበረ የጦር ሰፈር ነው። ወታደሮቹ የእንጨት ሰፈራቸውን እያፈረሱ በላዩ ላይ ሌላ ይሠሩ ነበር፤ የታችኛው ጭቃ ውስጥ ታፍኖ ቀረ። አየር ስላልገባው ሌላ ቦታ የሚበሰብሰው ሁሉ እዚያ ተርፏል። ከ5,000 በላይ ጫማ ወጥቷል፣ የሕፃናትም አለበት። ልጅህ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ልጅ ያደረገውን ጫማ ከራሱ እግር ጋር ሲያስተያይ «ድንጋይ ነው» አይልህም። የቡጢ ጓንትም አለ፣ ከቆዳ የተሠራ፣ በ2017 የተገኘ።

ከሁሉ የሚበልጡት ግን ደብዳቤዎቹ ናቸው። ከ1973 ጀምሮ በቀጭን እንጨት ላይ በቀለም የተጻፉ ብዙ ደብዳቤዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። አንዱ ካልሲና የውስጥ ሱሪ እንደተላከ ይናገራል፣ ሌላው አለቃውን «ጓዶቼ ቢራ አልቆባቸዋል፣ ይላክልን» ይላል። አንድ የሒሳብ ዝርዝር ላይ ቁንዶ በርበሬ ተጽፏል። ያ ቁንዶ በርበሬ ከህንድ ተነስቶ፣ በቀይ ባሕር አልፎ፣ ግብፅ ወጥቶ ነው እዚያ ብርድ ውስጥ የደረሰው። ልጆችህ ካርታ ላይ በጣታቸው እንዲከተሉት አድርግ።

አንድ ደብዳቤ ለብቻው ልንገርህ። በ100 ዓ.ም. ገደማ ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል የአንድ አዛዥ ሚስት ለጓደኛዋ ለሱልፒሲያ ሌፒዲና የልደት ግብዣ ትልካለች። «ነይልኝ፣ አንቺ ካለሽ ቀኑ ደስ ይለኛል» ዓይነት ነው። ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ዛሬ እኛ እንቁጣጣሽ የምናከብርበት ቁጥር! የደብዳቤውን ዋና ክፍል ጸሐፊ ነው የጻፈላት፤ መጨረሻው ላይ ግን ራሷ ብዕሩን ይዛ «እህቴ፣ ነፍሴ» እያለች ተሰናብታታለች። የእጅ ጽሑፏ ይለያል። በሴት እጅ ከተጻፉ የላቲን ጽሑፎች እስካሁን ከተገኙት ቀደምቶቹ ውስጥ ነው። ዋናው ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው።

በበጋቸው ከሄዳችሁ ቁፋሮው ሲካሄድ ቆሞ ማየት ይቻላል፣ እሱን ልጆች ይወዱታል። ከዚያ በኋላ ግንቡ ላይ ወዳለው የሮማውያን ምሽግ፣ ወደ ሃውስቴድስ ውሰዳቸው፤ ዳገት አለው፣ ግን ወታደሮቹ ተደርድረው የሚቀመጡበትን የጋራ ሽንት ቤት ካዩ በኋላ ዳገቱን ይረሱታል። ግንቡን እዚያ ሲያዩት ይገባቸዋል። ስለ ክፍያ፦ የታሪክ ቦታዎችን የሚያስተዳድረው የኢንግሊሽ ሄሪቴጅ አባል ከሆናችሁ ሃውስቴድስ፣ ሌላው ምሽግ ቼስተርስና ኮርብሪጅ በካርዱ ያስገባችኋል። ቪንዶላንዳ የሌላ በጎ አድራጎት ድርጅት ስለሆነ ለብቻው ይከፈላል።

ጥያቄ፦ ቲክቶክ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ሃድሪያን ግንብ አጠገብ የሮማን ንጉሥ አስደነገጠ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ ታሪኩ ከአየር ላይ አልመጣም፤ የሮም ነገሥታትን ሕይወት የሚተርክ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ቅድም ስሙን የጠቀስነው ሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ነው ንጉሡ። ካርላይል አካባቢ፣ ግንቡ አጠገብ፣ በቀልደኛነቱ የታወቀ አንድ «ኢትዮጵያዊ» ወታደር የጥድ ቅጠል አክሊል ይዞ ብቅ ይልበታል፤ ንጉሡም የሞት ምልክት መስሎት ይደነግጣል። ግን መጽሐፉ የተጻፈው ከንጉሡ ሞት በጣም ቆይቶ ነው፣ እውነትና ፈጠራ በመቀላቀልም ይታወቃል። ደግሞም ሮማውያን ከግብፅ በታች ያለውን ጥቁር ሰው ሁሉ በዚያ ስም ይጠሩ ስለነበር የእኛ አገር ሰው ነው ብሎ መፎከር አያስኬድም።

መፎከርም አያስፈልገንም፣ ድንጋይ ላይ የተጻፈ እውነት አለ። ንጉሡ ራሱ የተወለደው ዛሬ ሊቢያ በምትባለው አገር ነው። ካርላይል አቅራቢያ ደግሞ ከሰሜን አፍሪካ የመጣ የሙሮች ጦር በ3ኛው ክፍለ ዘመን ሰፍሮ እንደነበር የሚናገር ጽሑፍ ተገኝቷል።

እኔ ግን የምልክህ ወደ ሳውዝ ሺልድስ ነው። ከኒውካስል በሜትሮ ትደርሳለህ፣ መስመሩ የሚያልቀው እዚያው ነው። አርቤያ የሚባለው የሮማውያን ምሽግ ሙዚየም ውስጥ ሬጂና የምትባል የደቡብ እንግሊዝ ተወላጅ ሴት የመቃብር ድንጋይ አለ። ባሏ ባራቴስ ከሶርያዋ ፓልሚራ የመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ባሪያው ነበረች፣ ነጻ አውጥቶ አገባት፣ በ30 ዓመቷ ሞተችበት። ሐውልቱ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የጌጥ ሣጥንና የሱፍ ቅርጫቷ ከጎኗ ሆኖ ተቀርጻለች። ላይ በላቲን የሚገባውን አስጻፈ። ከሥር ደግሞ በራሱ ቋንቋና ፊደል፣ የግዕዝ ዘመድ በሆነው አራማይክ፣ አንድ መስመር ጨመረ፦ «ሬጂና፣ ባራቴስ ነጻ ያወጣት፣ ወየው»። በዚያ አገር ያንን መስመር ማንበብ የሚችል ስንት ሰው ይኖር ነበር? ለራሱ ነው የጻፈው። በስደት ያለ ሰው በመከራ ጊዜ በአፍ መፍቻው እንደሚያለቅስ እኛ እናውቃለን። ኮርብሪጅ ላይ ደግሞ በ68 ዓመቱ የሞተ የአንድ ፓልሚራዊ የመቃብር ድንጋይ ተገኝቷል፤ ስሙ በከፊል ጠፍቷል፣ ግን ባራቴስ ይመስላል። ያው ሰው ነው አይደለም እያሉ ሊቃውንቱ ይከራከራሉ፣ የእኔ ልብ ግን እሱ ነው ወደሚሉት ያደላል።

ጥያቄ፦ ግንቡ ላይ ያለው ታዋቂው ብቸኛ ዛፍ አሁንም አለ?

መልስ፦ የለም። በ2023 ሴፕቴምበር 28 ለሊት በመጋዝ ቆረጡት። ሁለት ሰዎች ጥፋተኛ ተብለው በ2025 እያንዳንዳቸው አራት ዓመት ከሦስት ወር ተፈረደባቸው። ጉቶው ግን በ2024 አቆጥቁጧል፤ ከሄዳችሁ አትርገጡት፣ ከሩቅ እዩት።

ጥያቄ፦ ፈቃድ የማገኘው ዲሴምበር ላይ ብቻ ነው። ያለ መኪና ልሂድ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ሂድ፣ ግን ለሄክሳም ከተማ ብቻ። ምሽጎቹን የሚያገናኘው አውቶቡስ ቁጥሩ ኤዲ 122 ነው፣ ግንቡ የተጀመረበት ዓመት፤ በዋናነት የሚሠራው ከጸደይ እስከ መጸው ስለሆነ ዲሴምበር ላይ ሳታረጋግጥ አትመካበት። ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል አለፍ እንዳለ ትጠልቃለች፣ በእኛ ሰዓት ማለቴ ነው። ስለዚህ በጠዋት ባቡር ግባ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ረጋ ብለህ እይ፣ ገበያውን ዙር፣ ሳይጨልም ተመለስ። ጃኬትህ ዝናብ የማያስገባ ይሁን።