ምዕራፍ ሦስትህ ውስጥ አንተ የለህም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ደብረ ማርቆስ የምማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በጎዛምን ወረዳ ሁለት ቀበሌዎች ላይ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ሳለ ገበሬው አሲዳማነቱን የሚቀንሰውን ኖራ የማይጠቀመው ለምንድን ነው ብዬ ነው የተነሳሁት። አማካሪዬ የጥናቱን ዘዴና ውጤት የያዙትን ምዕራፍ ሦስትንና አራትን «እንደገና ጻፈው» ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ምንም አላለም። ሁለቱንም ልኬልዎታለሁ፤ ጉድለቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አነበብኳቸው። ርዕስህን ወድጄዋለሁ። አገራችን የሚቸገርበት ጉዳይ ነውና በደንብ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

ምዕራፍ ሦስት ላይ ገላጭ ጥናት ምን ማለት እንደሆነ አንድ ገጽ ተኩል ጽፈሃል። ይህን አማካሪህ ያውቀዋል። እሱ የሚፈልገው አንተ ጎዛምን ወርደህ ያደረግኸውን ነው። ሁለቱን ቀበሌዎች ለምን መረጥህ? መኪና ስለሚገባባቸው ከሆነ እሱኑ ጻፍ፤ ነውር የለውም። ኖራ በኩንታል የሚጓጓዝ ነገር ስለሆነ ከመንገድ የራቀው ገበሬ ታሪኩ ሌላ ሊሆን ይችላል። አንባቢህ ይህን አውቆ ያንብብ። መጠይቁን ገበሬው ራሱ ሞላው ወይስ አንተ እያነበብህለት መለሰ? አባወራው እርሻ ውሎ ባለቤቱ ከመለሰች ያም ይጻፍ። መሬታቸውን በቃዳ፣ በአገሬው የመሬት መለኪያ፣ ነግረውህ አንተ በሄክታር ካሰፈርኸው፣ እንዴት እንደለወጥኸው አስረዳ።

«መረጃ ይሰበሰባል» የሚለው ከፕሮፖዛሉ እንዳለ የመጣ ነው። ሥራው አልቋል፤ «ተሰበሰበ» በል።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ናሙናው ነው። «በያማኔ ቀመር 300 አባወራዎች ተመረጡ» ብለህ አልፈሃል። ያማኔ የናሙናን ብዛት ማስያ ቀመር ነው። ስሌቱ ልክ ነው። የስሕተት ህዳጉ 0.05 በራሱ ሲባዛ 0.0025፣ እሱ በጠቅላላው 1,200 አባወራ ሲባዛ 3፣ 1 ሲጨመርበት 4፤ 1,200 ለ4 ሲካፈል 300። ግን ቀመሩ ስንት ሰው እንደሚበቃህ ነው የሚነግርህ፤ እነማንን እንደምትጠይቅ አይነግርህም። ከቀበሌው መዝገብ ዕጣ አወጣህ? ወይስ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የጠራልህን ሰዎች ጠየቅህ? እሱ የሚጠራቸው ምክሩን የሚሰሙት፣ ምናልባትም ኖራውን ቀድመው የሞከሩት ናቸው። እንዲያ ከሆነ ውጤትህ በሙሉ ወደነሱ ያጋድላል። የሆነውን ሳትደብቅ ጻፈው።

ወደ ምዕራፍ አራት ልምጣ። ጾታ፣ ዕድሜና የጋብቻ ሁኔታ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሠንጠረዥ አላቸው። በአንድ ይጠቃለሉ። ጥያቄህ ኖራ ነው፤ የኖራው ሠንጠረዥ እስኪመጣ አምስት ገጽ ገለጥሁ። ሠንጠረዡ ውስጥ ያለውን ቁጥር ሁሉ ከሥሩ ደግመህ አትዘርዝር። ዋናውን አንዱን ወይም ሁለቱን አንሳ።

መቶኛህን ከስንት እንዳወጣኸው ደግሞ አይታወቅም። ከ300ው 96ቱ ኖራ ይጠቀማሉ፣ 204ቱ አይጠቀሙም እንበል። ከማይጠቀሙት 102ቱ «ኖራው በጊዜ አይደርስም» ቢሉ፣ ከ204 ስታሰላው 50 በመቶ፣ ከ300 ስታሰላው 34 በመቶ ነው። ጥያቄው ለማይጠቀሙት ብቻ የቀረበ ከሆነ ከ204 አስላ፤ ቁጥሩንም ከመቶኛው ጎን አስቀምጥ።

«ውጤቱ በኤስፒኤስኤስ ተተነተነ» ማለትም አይበቃም። ሶፍትዌሩ መሣሪያ ነው። ካይ ስኩዌር፣ ማለትም ሁለት ነገሮች ይያያዙ እንደሆነ የሚፈትሸውን ስሌት፣ ከሠራህ የትኛውን ከየትኛው ጋር እንዳነጻጸርህ ተናገር። ልዩነት ያልታየበትንም አትጣለው። ትምህርት የተማረውና ያልተማረው ገበሬ በኖራ አጠቃቀም ካልተለያዩ፣ ይህም ራሱን የቻለ ውጤት ነው።

«መንግሥት ትኩረት ስላልሰጠው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አውጣው። መጠይቅህ ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ጥያቄ የለም። ገበሬዎቹ ራሳቸው ያሉህ ነገር ካለ ግን በራሳቸው ቃል አስገባው፤ ስማቸውን ሳትጠቅስ። የአማርኛውን መጠይቅ በአባሪ አያይዝና ለአማካሪህ መልስለት።