የአርሶ አደሩ ገጽ፦ ኮምጣጣ መሬት፣ ጥልቅ ጉድጓድ፣ የሻገተ በቆሎ

ጥያቄ፦ ማሳዬ እንጅባራ አካባቢ ነው። ድሮ ገብስና ባቄላ አምሮ ይበቅልበት ነበር፤ አሁን ግን ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያም ዩሪያም ብጨምርበት ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። «መሬትህ ኮምጥጧል፣ ኖራ ጨምርበት» ይሉኛል። ጎረቤቶቼ ግን ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው ከሰል እያከሰሉ ነው። የቱ ይሻለኛል? ኖራውስ ስንት ይበቃል?
አርሶ አደር፣ ከአዊ

መልስ፦ ማዳበሪያው መሬት ውስጥ አለ፤ ሰብልዎ ግን አያገኘውም። የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይብሳል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ከኤንፒኤሱ የመጣውን ፎስፈረስም ጨምድዶ ይይዛል። አንድ ሁለት የባቄላ እግር ነቅለው ይዩ። ሥሩ አጥሮና ደንድኖ፣ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ካጣ ኮምጣጣነቱን መጠርጠር ይገባል። እናንተ አካባቢ ይህ የሆነው ብዙ ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ስለሚወስደው፣ ገለባው ከማሳ ተጠራርጎ ስለሚወጣ፣ ኩበቱ ምድጃ ስለሚገባና ዩሪያ ዓመት ከዓመት ስለሚጨመር ነው።

መጠኑን በግምት አይወስኑ፣ ከጎረቤትም አይቅዱ። በማሳው ላይ እየተዘዋወሩ ከ10 እስከ 15 ቦታ ይምረጡ፤ በየቦታው እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረው ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው አፈር ይውሰዱ። ፍግ የተከመረበት፣ ዛፍ ሥር፣ የድሮ አውድማ ወይም የእርከን ጠርዝ ከሆነ ይለፉት። ሁሉንም በንጹሕ ባልዲ ቀላቅለው 1 ኪሎ ያህሉን በንጹሕ ፌስታል አድርገው በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ወደ አፈር ላቦራቶሪ ይላኩ። በማዳበሪያ ጆንያ የተላከ አፈር ውጤቱ ይዛባል፤ ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ ይፈጸማል።

ላቦራቶሪው ለምሳሌ «20 ኩንታል በሄክታር» ካለ፣ ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 5 ኩንታል ነው ማለት ነው። እኩል እንዲዳረስ ማሳውን በችካልና በገመድ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይከፋፍሉት፤ ለእያንዳንዱ ክፍል 20 ኪሎ ይደርሰዋል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው ይበትኑ። ከዚያ አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም ይረሱት። ላይ ላዩን የተበተነ ኖራ የሚያስተካክለው ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ ሥሩ ያለው ግን ከታች ነው።

ጊዜው ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ መሬቱ ሲርስ ነው። ኖራው ደረቅ አፈር ውስጥ አይሠራም። ከዩሪያ ጋር ቀላቅለው አይበትኑት፤ የዩሪያው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ይተናል። የሚገዙት ኖራ እንደ ዱቄት የላመ ይሁን፤ ጠጠር የበዛበት ለዓመታት ሳይሟሟ ይቆያል። ትንሽ ቆንጥረው ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት መፍላት አለበት። የቤት ግድግዳ የሚቀባው ኖራ ሌላ ነገር ነው፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ መጠኑም አይመሳሰልም።

ሙሉውን መጠን በአንድ ጊዜ መግዛት ከከበደዎ ከተመከረው ሩብ ያህሉን በየዓመቱ በዘር መስመሩ ላይ መጨመር ይቻላል። ለውጡን በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ በሙሉ አይጠብቁ። ሙሉ መጠን በአንዴ ከተጨመረ ግን ጥቅሙ ከ4 እስከ 5 ዓመት ይዘልቃል። እስከዚያው ድንች ወይም ጤፍ ይሻልዎታል፤ ከገብስና ከባቄላ ይልቅ ኮምጣጣ መሬት ይችላሉ።

ዲከረንሱን አንነቅፍም። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይዘራል፣ በ4 እና በ5 ዓመት ተቆርጦ ይከሰላል፤ ብዙ ቤተሰብ ቆርቆሮ ቤት የሠራበት ነው። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶበታል፣ መሬቱን በሙሉ ለእሱ የሰጠ ገበሬም ሌላ መያዣ የለውም። ራቅ ያለውንና ተዳፋቱን ለዛፍ፣ ለጓሮ የቀረበውን ለኖራና ለፍግ ቢያደርጉት እንመርጣለን።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ባቱ (ዝዋይ) አጠገብ ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት ሊያለማ ጉድጓድ ቆፍሯል። ውሃው የሚገኘው 11 ሜትር ላይ ነው። 3 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ልገዛለት ነው፤ ይበቃዋል?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ አይበቃውም፤ ሞተሩ ትልቅ ቢሆንም ያው ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ፓምፕ ውሃን «አይጎትትም»፤ ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲያስወጣ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጩ አየር ክብደት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሣል። ባቱ ግን ከ1600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ወደ 8.5 ሜትር ይወርዳል፤ የቱቦው ሰበቃ ሲቀነስ በተግባር 6 ሜትር ቢያገኙ ነው። የሞተሩም ጉልበት በከፍታው ምክንያት ከተጻፈበት ከአሥር እጅ አንድ በላይ ይጎድላል።

መፍትሔ ነው ተብሎ ፓምፑን ወደ ጉድጓዱ አውርደው ርብራብ ላይ የሚያስቀምጡ አሉ። ለወንድምዎ ዛሬውኑ ደውለው ይህን እንዳያደርግ ይንገሩት። የሞተሩ ጭስ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀምና ሞተር ሊያጠፋ የወረደውን ሰው ይገድላል፣ እሱን ሊያወጣ የወረደውንም ይደግማል።

የሚሆነው ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የሶላር ፓምፕ ነው። ዶላሩን ከማውጣትዎ በፊት ግን ጉድጓዱ ይፈተን፤ ውሃው በሚሸሽበት በሚያዝያ ቢሆን ይመረጣል። ውሃው ተቀድቶ ይውጣና ተመልሶ በሰዓት ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚሞላ ክብደት በታሰረበት ገመድ ይለካ። ስፋቱ 1.2 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ በሰዓት 50 ሳንቲ ሜትር ቢሞላ 570 ሊትር ገደማ ነው፤ በ24 ሰዓት ከ13 እስከ 14 ሺህ ሊትር። ሽንኩርት በሞቃት ወቅት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል እንበል፤ ለግማሽ ሄክታር 25 ሺህ ሊትር ይሆናል፣ በቦይ ሲጠጣ የሚባክነው ሲታከል ደግሞ ከ40 ሺህ ያልፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉድጓድ በጠብታ መስኖ ሩብ ሄክታር ቢይዝ ነው። ከፓምፑ ጋር የጠብታ ቱቦና የውሃ ማጠራቀሚያም በጀትዎ ውስጥ ይግባ።

ጥያቄ፦ በቆሎዬን ተምች በላብኝ። ሁለቴ ረጨሁ፣ አልሞተም። መድኃኒቱ የውሸት ይሆን?
ከጅማ

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚዘገየው ረጪው ነው። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ «Y» የሚመስል ነጭ መስመር፣ ጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ነጠብጣቦች ካሉት በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው መጤ ተምች ነው። ካደገ በኋላ በቆሎው አናት ላይ ባለው የቅጠል ጥቅልል ውስጥ ይወሸቅና ኩሱን እንደ ክዳን ይደፋበታል፤ መርጩ አይደርሰውም። ቅጠሉ ላይ እንደ ስስ መስታወት የሚያሳልፍ ጭረት ሲታይ ነው መነሣት ያለብዎ። በማሳው አምስት ቦታ ሃያ ሃያ እግር ይቁጠሩ፤ ከመቶው 20 ያህሉ ከተጠቃ ይርጩ። ጊዜው አመሻሽ ነው፤ የመርጫውን አፍ ወደ ጥቅልሉ ያነጣጥሩ። ሁለተኛውን ዙር በሌላ ዓይነት መድኃኒት ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ነቀዝ ፈርቼ ፒክስ የሚባለውን አየር የማያስገባ ከረጢት ገዛሁ። ነቀዙ አልገባም፣ በቆሎው ግን ሻገተ። ሰዎች የነቀዝ ክኒን ጨምሪበት ይሉኛል።
የቤት እመቤት፣ ከቡሬ

መልስ፦ ከረጢቱ ሥራውን ሠርቷል፤ እርጥብ በቆሎ ነው የገባበት። ፒክስ አየር ስለማያስገባ እርጥበትም አያስወጣም። በሚቀጥለው ዓመት ከመክተትዎ በፊት ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው በቆሎ፣ በላዩ ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ያድርጉና 3 ደቂቃ ይነቅንቁት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ አልደረቀም። ካልተለጠፈም አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይጨምሩለት፤ ጨው የሚለየው የበቆሎው እርጥበት 15 በመቶ ገደማ ላይ ሲሆን የሚፈለገው ግን ከ13 በታች ነው። የውስጦቹን ሁለት ላስቲኮች እየነፉ ቀዳዳ ይፈልጉ። ከሞሉ በኋላ አየሩን ተጭነው አስወጥተው እያንዳንዱን ለየብቻ ጠምዝዘው፣ አጥፈው ይሰሩ። ከግድግዳ አርቀው እንጨት ላይ ያስቀምጡት። ለዕለት ቀለብ የሚሆነውን ሌላ ዕቃ ውስጥ ያስቀሩ፤ ከረጢቱ በተከፈተ ቁጥር ለነቀዙ አየር ይገባለታል።

ክኒኑን ቤት አያስገቡት። የአየር እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጎተራውና መኝታው አንድ ጣሪያ ሥር በሆነበት ቤት ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። የሻገተውን በቆሎም ለላም እንኳ አይስጡ። የሻጋታው መርዝ በመቁላት አይጠፋም፣ በወተትም ወደ ልጆች ይመጣል።