ቀትር ላይ የማይቀልጠው ቸኮሌት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከዚራ ሱቅ አለኝ። ሁለት ዓይነት ቸኮሌት ጎን ለጎን እደረድራለሁ። ውዱ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ወረቀቱ ውስጥ ይልፈሰፈሳል፤ ርካሹ ቀትርም ቅርጹን አይለቅም። ደንበኞቼ «የማይቀልጠው ነው ጥሩው» ይላሉ። እውነት ነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ተገላቢጦሹ ነው። ነገሩን የሚወስነው ስቡ ነው። ከኮኮዋ ፍሬ የሚጨመቀው የኮኮዋ ቅቤ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል። የሰው ሰውነት 37 ስለሆነ ምላስ ላይ ሲቀመጥ ይፈስሳል፤ የጥሩ ቸኮሌት ጣጣውም ጸጋውም ይኸው ነው። የድሬ ቀትር በሙቀቱ ወራት 35 ሲያልፍ መደርደሪያዎም አፍ ሆነ ማለት ነው።

ርካሹ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ የፓልም አስኳል ዘይት ነው። በፋብሪካ ሃይድሮጂን ተጨምሮበት እንዲጠነክር ስለሚደረግ 37 እና 38 ዲግሪም ላይ ሳይቀልጥ ሊቆይ ይችላል። ድሬን የሚችል ስብ ግን አፍንም ይችላል። ለሚጠራጠር ደንበኛ ቁራሽ ይስጡትና ሳያኝክ ምላሱ ላይ ያቆየው። ላንቃው ላይ እንደ ሻማ የሚለጠፍ ነገር ከቀረ ስቡ የኮኮዋ አይደለም።

ከጀርባው ያለውን ዝርዝርም ያንብቡ፤ ብዛት ያለው አስቀድሞ ይጻፋል። ከስኳር ቀጥሎ «የአትክልት ስብ» የሚል ካዩ ኮምፓውንድ፣ ማለትም በኮኮዋ ቅቤ ፋንታ በሌላ ስብ የተሠራ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለውን «ቸኮሌት» ብሎ መሸጥ ክልክል ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ አንዳንድ ምርቶቹ ላይ ስቡን ሲለውጥ የመጠቅለያውንም ጽሑፍ የለወጠው ለዚህ ነው። አውሮፓ ከምርቱ እስከ 5 በመቶ ድረስ ስድስት ዓይነት የዕፅዋት ስቦችን ይፈቅዳል፤ አንዱ ጋምቤላም የሚበቅለው የሺያ ስብ ነው። የኮኮዋ ዋጋ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በቶን ከ12,000 ዶላር ሲያልፍ ወደ ሌላ ስብ ያዘነበለው አምራች በዝቶ ነበር።

ኮምፓውንድ መሸጥ ነውር የለውም፤ ነውሩ በውዱ ዋጋ መሸጡ ነው። ውዱን ፍሪጅ ካስገቡት አየር በማያስገባ ዕቃ ይክደኑት፤ ሲያወጡትም ብርዱ እስኪለቀው ድረስ አይክፈቱት። አለዚያ ላቡ ስኳሩን አሟሙቶ ሲደርቅ ፊቱ ይሻክራል።

ጥያቄ፦ የባቢሌ ለውዝ በኮምፓውንድ እየለበጥኩ ለሠርግ እሸጣለሁ። ጣዕሙ አላረካኝ ሲል እውነተኛ ቸኮሌት እኩል ቀላቀልኩበት። ለስልሶ አልደርቅ አለ፤ በሳምንቱ ነጭ ለበሰ። የቆየው ደግሞ ሳሙና ሳሙና ይላል። ምን አጠፋሁ? (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው።

መጀመሪያ ድብልቁ። የፓልም አስኳል ስብና የኮኮዋ ቅቤ አብረው አይረጉም፤ አንዱ የሌላውን መርጋት ያበላሻል። ከጠቅላላው ስብ ውስጥ የኮኮዋ ቅቤው 5 በመቶ ገደማ ካለፈ ሽፋኑ ይለሰልሳል፤ ሲከርምም ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ይሆናል። በጣትዎ ሲያሹት ቅባት ሆኖ ከጠፋ የስብ ነው፤ እንደ አሸዋ ከሻከረ የስኳር። የተደባለቀውን ለመለበጫ መመለስ አይቻልም፤ ኬክ ሊጥ ውስጥ ይጨርሱት። ጣዕም ለማጠንከር ለ500 ግራም ኮምፓውንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተነፋ የኮኮዋ ዱቄት ይበቃል፤ ስቡ ከ10 እስከ 12 በመቶ የሆነውን ይምረጡ።

ሳሙናው ከለውዙና ከእርጥበቱ ነው። የፓልም አስኳልና የኮኮናት ዘይት ላውሪክ አሲድ ይበዛባቸዋል፤ ሳሙና ሠሪዎች የሚወዷቸውም ስለዚሁ ነው። ጥሬ ለውዝ ውስጥ ስብ የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ እርጥበት ሲያገኝ አሲዱን ከስቡ ይለቀዋል፤ ሳሙና ሳሙና የሚለው የተለቀቀው አሲድ ነው። ስለዚህ ለውዙን 160 ዲግሪ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ውስጡ ፈዛዛ ቡናማ እስኪሆን ይቁሉት፤ ገለባውን አራግፈው ፈጽሞ ያቀዝቅዙት። ትኩሱን ከነከሩት ላቡን ሽፋኑ ውስጥ ቆለፉበት ማለት ነው።

ኮምፓውንዱን ለብ ባለ ውሃ ድስት ላይ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ያቅልጡ፤ ውሃው አይፍላ፣ የሳህኑን ቂጥም አይንካ። አንዲት ጠብታ እንፋሎት ከገባበት እንደ ጭቃ ይጓጉላል።

እውነተኛውን ብቻ ለመጠቀም ከፈለጉ ሐረር ከድሬ ይሻልዎታል፤ ምሽቱ ቀዝቃዛ ነው። ከ300 ግራም ጥቁር ቸኮሌት 200ውን 45 ዲግሪ ድረስ ያቅልጡ፤ ከእሳት አውርደው የቀረውን 100 ከትፈው ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ 32 እስኪደርስ ያማስሉ። ቢላ ጫፍ ላይ ቀብተው በ5 ደቂቃ ውስጥ ካንጸባረቀና ከደረቀ ይንከሩ። ካልደረቀ ጥቂት ክትፋይ ይጨምሩና ደግመው ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ «የኮኮዋ ቅቤ» የሚል አይቼ በጾም ተውኩት። ርካሹ በዘይት የተሠራው ይሻላል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ስሙ ነው እንጂ የከብት ቅቤ አይደለም፤ የዕፅዋት ስብ ነው። ማየት ያለብዎ የወተት ዱቄት፣ የወተት ስብና የአጓት ዱቄት ነው። አጓቱ ደግሞ ርካሹ ኮምፓውንድ ውስጥ ይበዛል።