መልስ፦ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ለንደን ተምረው ሲያበቁ አውሮፓን ለምን እንደገና ዞሩ?

«ስሌድን የመሰለ የለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ደግሞ ምን ቀራቸው?» ላልከው፣ ብዙ ቀርቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ ሥራቸውን አሳዩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ጣሊያን፣ ፈረንሳይ፣ ስፔን፣ ግሪክ እያሉ ዞሩ። ሙዚየም ማየቱ ያለ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው፤ ለንደን፣ ፓሪስና ቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ገብተው የኛኑ የብራና ሥዕሎች አጠኑ። አስበው እስቲ፣ የአገርህን ብራና ለማየት ፓስፖርት ሲያስፈልግህ! የመስታወት ሥዕል ሙያንም የቀሰሙት በዚያው ጉዞ ነው። ውጤቱ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ መስኮት ላይ አለልህ፤ 150 ካሬ ሜትር፣ በሦስት ክፍል። የመግባት ዕድል ካገኘህ ፀሐይ ስትመታው እየው። ፎቶው ላይ ድፍን ያለው ቀይ እዚያ እንደ ፍም ይበራል። ስልክህን ኪስህ ክተተውና ዝም ብለህ ቁም።